አዴ ዘሀራ ያበሏቸው በሶብላዎች

ገበያ ወጥታችሁ በሶብላ ስትገዙ የቱን ነው የምታነሱት? ቅጠሉ የሰፋውን፣ ለምለሙን፣ ከሩቅ ዓይን የሚስበውን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ዛሬ ግን ከመግዛቴ በፊት አንዷን ቅጠል በጣቶቼ ፈትጌ አሸታታለሁ፤ ሻጮቹም "ካልገዛሽ አታሻሺብን" እያሉ ይቆጡኛል። ይህን አመል ያስያዘኝ ጅማ ውስጥ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ በአንድ ቀን የደረሰብኝ ነገር ነው። የዚያን ዕለት የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም፤ የምኖረውን ኑሮ የወሰነልኝም ያው ቀን ነው።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ይህን ስም ያወጡልኝ ሰዎች ምን አይተው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ያኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመጨረስ የቀረኝ የመመረቂያ ጥናቴ ብቻ ነበር። ቤተሰቦቼ ቦንጋ ናቸው። እዚያ ያለ አንድ ኮሌጅ "እስከ መስከረም ጨርሰሽ ከመጣሽ የመምህርነቱ ቦታ ያንቺ ነው" ብሎኛል። ከመስከረም ካለፈ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ መምህር ሆና ልትመጣ ነው" ብላ አውርታ ጨርሳለች። እኔ ደግሞ አዴ ዘሀራ ከሚባሉ ሴት ግቢ፣ ኋላ ካለች አንዲት ክፍል ተከራይቼ ከበሶብላ ጋር እታገላለሁ።

ጥናቴ ማዳበሪያ በበሶብላ ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በሶብላን በመሰሉ የቅመም ቅጠሎች ውስጥ አንቲኦክሲደንት የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሰውነታችንን ከጉዳት ይከላከላሉ ስለሚባል ነው የምንፈልጋቸው፤ ተክሉ ግን ለእኛ ብሎ አይሠራቸውም፣ ለራሱ መከላከያ ነው። ዩሪያ እንደልቡ ያገኘ በሶብላ ጉልበቱን ቅጠል በማስፋት ይጨርሰዋል። የተራበው ደግሞ ቢጫና ኮሳሳ ይሆናል፤ ያችኑ ትንሽ ቅጠሉን ግን በመከላከያ ይሞላታል። ቢያንስ ያነበብኩት እንዲህ ይላል። እኔ ማየት የፈለግሁት በጅማ አፈር ላይ፣ በእኛው በሶብላ ይህ እውነት መሆኑን ነው።

የቡና ችግኝ በሚፈላባቸው ጥቁር ላስቲኮች አፈር ሞልቼ ተከልኩ። አንዱ ወገን ዩሪያ በደንብ ይበላል፣ አንዱ ትንሽ ይቀምሳል፣ አንዱ ከውሃ በቀር ምንም አያገኝም። ሦስቱን ቀላቀልኩና አብዛኞቹን ከውጭ በር እስከ ሳሎን ደጃፍ በረድፍ ደረደርኳቸው። ቦታ ሲጠብብኝ የቀሩትን ከማድቤት ጀርባ አኖርኩ።

ከዚያ ፈተናው ጀመረ። በእኛ ሰፈር ደጃፍ ላይ የበቀለ ቅጠል የመንደሩ ሁሉ ነው። ወጥ የጣደች ሁሉ ብቅ ብላ ቀጥፋ ትሄዳለች፤ ማስፈቀድም አያስፈልጋትም፣ ሰላምታዋ ይበቃል። በካርቶን ላይ "ለጥናት ነው፣ አይቀጠፍ" ብዬ ጽፌ ሰቀልኩ። አንዷ ጎረቤታችን ፊት ለፊቱ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው፤ "ጎበዝ! በርቺ!" አለችኝና ቀጥፋ ሄደች። ከዚያ በኋላ ለቀጣፊዎች ብቻ የሚሆኑ በሶብላዎች ለብቻ ተክዬ በሩ አጠገብ በማኖር ነው የተገላገልኩት።

ከሁሉም የከፉብኝ ግን አዴ ዘሀራ ነበሩ። እሳቸው አይቀጥፉም፤ ያዝናሉ።

"ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ ለማለት፣ "እነዚህ ቢጫዎቹ ምን በደሉሽ?"

"ምንም አልበደሉኝም አዴ። ጥናት ነው።"

"እኮ ጥናቱን ምን በደሉት?"

አስረዳቸዋለሁ። ጥሞና ሰጥተው፣ "ኤዬ፣ ኤዬ" እያሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኛል። በነጋታው ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ይጠይቁኛል። አንድ ቀን ደግሞ ከላይ እስከ ታች አዩኝና "አንቺም እኮ ቢጫ ሆነሻል" አሉኝ። "ራስሽን ታስርቢያለሽ፣ እነሱንም ታስርቢያለሽ።"

እውነታቸውን ነበር። ያን ሰሞን በቀን አንዴ ከበላሁ ጥሩ ነው። ጥናቱ፣ መስከረም፣ የእናቴ ወሬ፣ ሁሉም ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጦ ምግብ አላሳልፍ ብሎኝ ነበር። ምላሴም ስለት ሆኖ፣ "ደህና አደርሽ" ያለኝን ሰው ሁሉ ነበር የምቆርጠው። ማታ ማታ አዴ ዘሀራ በሳህን ከድነው በሬ ላይ ያስቀምጣሉ። ክርስቲያን መሆኔን ስለሚያውቁ "ሥጋ የለበትም፣ ማርቃ ነው፣ ብይ" ይሉኛል፤ ማርቃ ማለት ገንፎ ነው። እኔ ደግሞ "በልቻለሁ" እያልኩ እመልሰዋለሁ። የሰው ውለታ የሚከብደኝ ሰው ነበርኩ።

በሶብላዎቹ ሊቆረጡ ሳምንት ሲቀራቸው አማካሪዬ ጠሩኝ። ለሌላ ሥራቸው አጋሮ ሄጄ የቡና ገበሬዎችን እንዳነጋግር አዘዙኝ። "አሁን? በዚህ ሰዓት?" አልኳቸው። ሌላ የሚላክ ሰው እንደሌለ ነገሩኝ። ለእኔ ብቻ ሁልጊዜ ሌላ ሰው አይኖርም! ልሄድ ስል አዴ ዘሀራን ደጃፍ ላይ አቁሜ ለመንኳቸው።

"አዴ፣ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ሌላ ምንም አይጨመርባቸውም። ውሃ ብቻ።"

"ውሃ ብቻ። ኢንሻአላህ።"

ኢንሻአላህዋን ያኔውኑ አልወደድኳትም።

አጋሮ ስለ ቡና ስጠይቅ ስለ ሌላውም ያወሩኛል። አንድ ገበሬ ጓሮው ያለውን ቅጠላ ቅጠል እያሳየኝ "ገበያ ሊወጣ ሲል ዩሪያ ጣል አደርግበታለሁ፤ ፊቱ ጥርት ይልልሃል" አለ አብሮኝ ላለው ሰው። እኔ ልቤ ቦሳ ኪቶ ስለነበር በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት።

የምመለስበት ቀን የመቁረጫው ቀን ነበር። የቅጠሉን መከላከያ የሚለካው ማሽን ተበላሽቶ ከርሞ ገና መሠራቱ ስለሆነ የላብራቶሪ ተራ የተሰጠኝ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ብቻ ነው፤ ካለፈኝ መቼ እንደሚደርሰኝ የሚያውቅ የለም። በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሚኒባሱ በየመንደሩ እየቆመ ሰው ጫነ፣ ጆንያ ጫነ፣ ዶሮ ጫነ። ጅማ እስክንደርስ ጥርሴን ነክሼ ነው የተጓዝኩት። ከመነኸሪያ በባጃጅ በረርኩና ቦሳ ኪቶ ደረስኩ።

በሩን ስገፋ ግቢ የተሳሳትኩ መሰለኝ። መሬቱ ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል። ሳሎኑ ደጃፍ ላይ አዲስ ምንጣፍ ተነጥፏል። ከበሩ እስከ ደጃፉ ግራና ቀኝ የተደረደሩት በሶብላዎች ደግሞ አንድ ሳይቀር አረንጓዴ ናቸው። ቢጫ የሚባል የለም! ትቻቸው ስሄድ አንገታቸውን ደፍተው የነበሩት ሁሉ ቀና ብለው፣ እንደ ሙሽራ አጃቢ ግራና ቀኝ ቆመው ጠበቁኝ።

አዴ ዘሀራ የክት ሻሻቸውን አስረው ከሳሎን ወጡ። ፊታቸው በደስታ ያበራል።

"ማሻአላህ በይ እንጂ! አየሻቸው?"

"አዴ... ምን አደረጓቸው?"

"አበላኋቸዋ!"

"ምን?"

"ዩሪያ ነዋ። ሰቃ ያለው ወንድሜ፣ ለበቆሎው ከገዛው በፌስታል ቋጥሮ አመጣልኝ። ገና በሄድሽ በነጋታው ነው ያበላኋቸው። ወላሂ፣ በልተው ሲጠግቡ ማየት እንዴት ደስ ይላል!"

ተንበርክኬ አፈሩን በጣቴ ጫር ጫር አደረግሁት። ያልሟሟ ነጭ ፍሬ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። የወራት ልፋቴ፣ መስከረም፣ ቦንጋ፣ እናቴ፣ ሁሉም በዚያች ነጭ ፍሬ አለቀ። አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር አላስታውስም፤ ጥሩ ነገር እንዳልነበር ግን እርግጠኛ ነኝ። የአዴ ዘሀራ ልጅ ነጃት ከየት እንደመጣች ሳላይ ክንዴን ያዘችኝ። ነጃት እኩያዬ ናት፤ ከአንድ ልጅ ጋር ዓመታት ተዋደው፣ የእሱ ቤተሰቦች ዛሬ ነገ ሲሉ ነው የኖሩት።

"ትጉ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ዛሬ እንዳትጮሂ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ሽማግሌዎቹ በር ላይ ናቸው።"

ለካ የሽምግልናው ቀን ነው! ምንጣፉም፣ ሻሹም፣ ዩሪያውም ለዚህ ነው።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ከፊት አባ ፊጣ የሚባሉ፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት ናቸው። ሰላምታው አልቆ ወደ ሳሎን ሊያልፉ ሲሉ በሶብላዎቹ መካከል ቆሙ። ጎንበስ ብለው አዩ።

"ሱብሃነላህ! እንዲህ ያማረ በሶብላ አይቼ አላውቅም። ምን አብልታችሁት ነው?"

"ውሃ ብቻ!" አሉ አዴ ዘሀራ።

ውሃ ብቻ! አጋሮ ልሄድ ስል የለመንኳቸው ቃል! ለበሶብላዎቹ የነፈጉትን ትእዛዜን ለሽማግሌው አቀረቡት። አሳለኝ። አባ ፊጣ ወደ እኔ ዞሩ።

"የተከልሻቸው አንቺ ነሽ መሰለኝ፤ እጅሽ አፈር ነው። እውነት ውሃ ብቻ ነው፣ ልጄ?"

ነጃት ከኋላዬ ቀሚሴን ጨመደደችው። አዴ ዘሀራ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ የቤቱ እመቤት ገና ከደጃፉ ዋሾ ልትባል ነው።

"ውሃውን ያጠጧቸው እሳቸው ናቸው፣ አባ" አልኩ። ይህ ውሸት አይደለም። እውነት ነው ለማለትም ግን ያስቸግራል።

"ባረከላህ" አሉ አዛውንቱ። "ደግ ቤት መጥተናል።"

ሲገቡ ስልኬ ጮኸ። ከማድቤት ጀርባ ሮጥኩ። የደወለው ቢኒያም ነው፤ የክፍሌ ልጅ፣ ማሽኑን የሚያሠራልኝ።

"ትጉ፣ የት ነሽ? ማሽኑ ተከፍቷል፤ መብራት ሳይጠፋ ድረሺ እንጂ!"

የሆነውን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ምን ያስቃል? ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስሚ፣ ዝም ብለሽ ቁረጪያቸው። ላስቲኩ ላይ 'ያልተመገበ' የሚል ምልክት አለ አይደል? በቃ፣ እንደዚያው እናስገባቸዋለን። ማን አየ?"

"እኔ አየሁ!"

"ፍሬንድ፣ መስከረም ደርሷል እኮ።"

"አውቃለሁ። ግን ተመግበዋል፣ ቢኒ!"

"እሺ፣ ከተመገቡት ጋር ደምሪያቸዋ።"

"የተመገቡ አይደሉም! ዕድሜያቸውን ሙሉ ተርበው ነው የኖሩት፤ የበሉት ሳምንት ነው!"

"ታዲያ ምንድን ናቸው?"

"እንጃ!" ብዬ ጮህኩ።

ጩኸቴ ሳሎን ድረስ እንደተሰማ ነጃት በኋላ ነግራኛለች። አባ ፊጣ ደንግጠው "ማን ነው?" ሲሉ አዴ ዘሀራ ዓይናቸውን ሳያሹ "ተከራያችን ናት፤ አባቷ ጆሯቸው ከብዷቸው በስልክ ስታናግራቸው ነው" አሏቸው። አባቴ ጆሮው እንደ ድመት ነው።

እንጃ ካልኩ በኋላ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። ተርቦ የኖረ፣ ገበያ ሊወጣ ሲል የተመገበ በሶብላ ምንድን ነው? አጋሮ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ ያፈሰስኩት ወሬ ተመልሶ መጣ። ከገበያ ገዝተን ከምንበላው ውስጥ እንዲህ የሆነ ስንቱ ነው? እኔ የማወዳድረው ሁልጊዜ የተራበና ሁልጊዜ የጠገበ ነው። በመካከል ያለውን አልጠየቅሁም። እዚያው ቁጢጥ ብዬ ሳስብ ዓይኔ ከፊቴ ካሉት ላስቲኮች ላይ አረፈ። ከማድቤት ጀርባ ያሉት የተራቡ በሶብላዎች ቢጫ እንደሆኑ ቆመዋል። ማንም አልነካቸውም። ቢጫ ቅጠል አይቶ በደስታ ያለቀሰ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ሲሸኙ አዴ ዘሀራን በሩ ላይ ያዝኳቸው።

"ውሃ ብቻ አላልኩዎትም?"

"ብለሻል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ፣ እንግዳ ሲመጣ ደጄ ላይ የተራበ ነገር ይቁም? 'ይህች ሴትዮ በሯ ላይ ያለውን አታበላም፣ ልጇስ ሰው ታበላለች ወይ?' ቢሉኝስ? አንቺ ሳህኑን ስትመልሺብኝ ዝም አልኩ፤ አፍ አለሽ፣ እምቢ ትያለሽ። እነሱ ግን አፍ የላቸውም።"

"እሺ፣ ለእነሱ አዝነው ከሆነ ከማድቤት ጀርባ ያሉትን ለምን ተዉአቸው?"

"አዝኜ ነበር" አሉ። "ዩሪያው አልቆ ነው እንጂ።"

መቀሱን አነሳሁ። ነጃት የሽምግልና ቀሚሷን እንደለበሰች፣ አዴ ዘሀራ የክት ሻሻቸውን እንዳሰሩ አብረውኝ ቆረጡ። በአንደኛው ከረጢት ላይ "የተመገበ"፣ በሌላው "ጥቂት የቀመሰ"፣ ከማድቤት ጀርባ በመጣው ላይ "የተራበ" ብዬ ጻፍኩ። አዴ ዘሀራ ባበሏቸው ላይ "ኋላ የተመገበ" ብዬ ጻፍኩ። ይህን ከጻፍኩ ጥናቱን መድገሜ እንደማይቀር፣ ለመስከረምም እንደማልደርስ አውቄ ነበር።

ላብራቶሪ ደረስኩ፤ መብራቱም አልጠፋም። ያ ቀን ለእኔ ያደረገልኝ ደግ ነገር ይህ ብቻ ነው። ውጤቱ ሲመጣ የተራበው እንደጠበቅሁት ከሁሉም በለጠ። ኋላ የተመገበው ግን ለዓይን የጠገበውን መስሎ፣ መከላከያው ከተራበው ወርዶ ተገኘ። አማካሪዬ አገላብጠው አዩትና "ይህ ፍንጭ ነው፣ ጥናት አይደለም። ላስቲኮቹ ጥቂት ናቸው። ኋላ የሚመገበውን በሥርዓት ጨምረሽ ድገሚው" አሉኝ። አጋሮ የላኩኝ እሳቸው መሆናቸውን ላስታውሳቸው ፈልጌ ተውኩት።

የቦንጋው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት "እሺ" ብቻ አለች፤ ያቺ እሺ አስለቀሰችኝ። ክፍሌ ውስጥ ተኝቼ ሳለቅስ በሬ ተንኳኳ። ሳህን ነው። "ሥጋ የለበትም" አሉ አዴ ዘሀራ። የዚያን ዕለት ለመመለስ አቅም አልነበረኝም። በላሁ።

ሌላ የተከላ ወቅት እዚያው ቤት ቆየሁ። በአዲሱ ተከላ ዩሪያውን በተባለው ቀን፣ በተባለው ልክ፣ ለተባሉት ብቻ የሚሰጡት አዴ ዘሀራ ሆኑ። ካልሰጠኋቸው ደብቀው ያበላሉ ብዬ ነው። የተራቡትን ሲያልፉ ፊታቸውን በሻሻቸው ይጋርዱ ነበር። ውጤቱ ከመጀመሪያው አልራቀም። ነጃት በደህና ተዳረች። እኔም ተመረቅሁና ቦንጋ መመለሱ ቀርቶ እዚሁ ጅማ ሥራ ይዤ ጊንጆ እኖራለሁ። ዛሬ የምሠራው በዚያው "እንጃ" ላይ ነው፤ ገበሬው ማዳበሪያውን መቼ ቢሰጥ ቅጠሉም ሳይኮሰምን መከላከያውም ሳያልቅ ገበያ ይደርሳል የሚለው ላይ።

እናንተ አንባቢዎቼ ይህን አንብባችሁ ማዳበሪያ መርዝ ነው እንዳትሉ። በሶብላ በቢጫነቱ አይመዘንም፤ ኮሳሳ ቅጠል ሸጦ ልጁን የሚያሳድግ ገበሬም የለም። እኔ የምላችሁ ስትገዙ በዓይናችሁ ብቻ አትግዙ ነው፤ ሻጯ ብትቆጣም አሽቱት። ሌላም አለ። የሰው ነገር ሲያበሳጫችሁ፣ ሲያቃጥላችሁ፣ "ምንድን ነው ይሄ?" ተብላችሁ "እንጃ!" ብላችሁ ስትጮኹ፣ ትንሽ ዝም በሉ። እኔ ያን ቀን ቢኒያምን ሰምቼ ብቆርጥ መስከረም ቦንጋ ነበርኩ። ግን በየክፍሉ ቆሜ ተማሪዎቼን የማስተምረው የማላምነውን ነገር ይሆን ነበር።

ባለፈው ሰሞን አዴ ዘሀራ ሊጠይቁኝ ጊንጆ መጡ። ደጃፌ ላይ የተደረደሩትን ቢጫዎች አይተው ተነፈሱ። ያመጡትን ማርቃ ፈትተው እስኪያቀርቡልኝ ድረስ ብቻ ነው የታገሱት።

"ቆይ፣ እኔ ሳበላቸው መከላከያቸው ቀነሰ ነው የምትይው?"

"ቀነሰ፣ አዴ።"

"አንቺንስ ሳበላሽ?"

ያን ጊዜ የነበርኩትን፣ "ደህና አደርሽ" ያለኝን ሁሉ ስቆርጥ የኖርኩበትን አሰብኩና ሳቄ መጣ።

"የእኔም ቀንሷል።"

"አልሃምዱሊላህ" አሉ። "ያንቺስ መቀነስ ነበረበት።" ሳህኑንም ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።